ለህብለ ሰረሰር ጉዳት መዝገብ፦ ከጎንደር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጎንደርና የአካባቢዋ ተወላጆች፣ ወዳጆቻችን፤

ዛሬ የምንለምናችሁ ህብለ ሰረሰራቸው፣ ማለትም በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ የተጎዳባቸው ሰዎች ለሚመዘገቡበት መዝገብ ነው። ለዊልቸር ብንል ሰው ቶሎ እጁን እንደሚዘረጋ አናጣውም። ግን ስንት ዊልቸር? ለማን? ለየትኛው ወረዳ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 የሚደርስ ሰው ህብለ ሰረሰሩ እንደሚጎዳ ገምቷል። አብዛኛው የሚመጣው በመኪና አደጋ፣ በመውደቅና በጥቃት ነው፤ መከላከል ይቻላል ማለት ነው። በእኛ ዘንድስ? ከባሕር ዛፍ መወጣጫ የወደቀ ግንበኛ አለ፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚጎዳ ተሳፋሪ አለ፤ ጥይት አለ፤ የአከርካሪ ቲቢም አለ። የትኛው እንደሚበልጥ እስካልተቆጠረ ድረስ ክርክሩ በግምት ይቀጥላል።

ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የኮምፒውተር የጤና መረጃ ሥርዓት ከጤና ተቋማት የተደመረ ቁጥር ይሰበስባል። ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ምን ላይ እንዳለ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሕይወት የሚጠፋውም ያኔ ነው፤ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ሁለቱም ቤተሰብ በወቅቱ ካወቀ፣ ማገላበጡና ንጽሕናው ካልተጓደለ፣ በአብዛኛው የሚከላከሏቸው ናቸው።

ያሰብነው አንድ ገጽ ቅጽ ነው፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወረዳ፣ በምን ተጎዳ፣ ጉዳቱ አንገት ላይ ነው ወይስ ከዚያ በታች፣ እጅና እግሩ ይሰማዋል ወይ። ወደ ሕክምና በምን ተጓጉዞ እንደመጣም ይጻፋል፤ ይህችን ጥያቄ አጥብቀን ይዘናታል። የተሰበረ አከርካሪ በባጃጅ ታጥፎ ሲጓጓዝ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ጠፍጣፋና ጠንካራ ከሆነ የገጠሩ ቃሬዛ ይሻላል ብንል አናፍርም። ከዚያ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛውና በዓመቱ ስልክ ይደወላል፤ ቁስል አለ? ወደ ሥራ ተመለሰ? በሕይወት አለ?

ጥያቄዎቹን ከዓለም አቀፉ የህብለ ሰረሰር ጉዳት መሠረታዊ ቅጽ ጋር የምናስማማው ነገ ባሕር ዳር፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ ሲጀምሩ ቁጥሩ እንዲደመርና አገራዊ እንዲሆን ነው። የታማሚው ስም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚህ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያው) አንድ ቡድን ሆነው ገጠር የወጡትም ከዚሁ ከተማ ነው። ሥራው ለጎንደር እንግዳ አይደለም።

ገንዘቡ የሚውለው ለመዝጋቢ ደመወዝ፣ ለታብሌት፣ ለሞባይል ካርድና ለኅትመት ነው። ከሁሉ የሚከብደን ደመወዙ ነው፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ የተያዘ መዝገብ ወር ሳይሞላው ይቋረጣል። የምትችሉትን በዕድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል አስይዙ፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ወጪውም በየሩብ ዓመቱ ለዕድሮቹ ይነበባል። የሚሠራ ታብሌት ያላችሁ እሱን ስጡን። በቤታችሁ የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ ቅጹ ከመታተሙ በፊት አንብባችሁ የጎደለውን ንገሩን።