ለደጋ አጋዘን ጥላውም ይታሰብለት

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የምታነሱት የደጋ አጋዘንን ቁጥር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ውሎው ነው።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ማለዳና አመሻሽ ላይ በፓርኩ ውስጥ ባለው የጋይሳይ ሣር ሜዳ ወጥቶ ይመገባል። ፀሐይ ስትበረታ ጥዱና ኮሶው ሥር ይጠለላል። ሌሊት ውርጭ ሲጥልም ያው ደን ከብርድ ይከልለዋል። በዝናብ ወራት ለምለም ሣር ስላለ ሜዳውን ያዘወትራል። ሣሩ ሲደርቅ ቅጠል ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦውና ወደ ደኑ ያዘነብላል። ሰውና ከብት ሲበዛበት ደግሞ ቀን ተደብቆ ጨለማን ጠብቆ ይወጣል። እንዲህ እየተጣጣመ ነው እስከ ዛሬ የቆየው፤ በእውነት ያስደንቃል!

ታዲያ ሜዳውን እየጠበቅን ደኑን ለማገዶ ካስቆረጥን፣ ከቀን ሙቀትና ከሌሊት ብርድ የት ይሸሻል? ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የአካባቢው ሰውም ቢሆን የሚያነደው ነገር ያስፈልገዋል፤ አትቁረጥ ብቻ ማለት አያዋጣም። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለባት በዲንሾ ከተማ አካባቢ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ከፓርኩ ውጭ በስፋት እንዲተከል የሚመለከታቸውን ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ