ስለ ፍሉቱ መጋጠሚያ ክር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። የእንጨት ፍሉትሽ ራስ ከመካከለኛው ክፍል ጋር ሲጋጠም እየተወላወለ፣ ዝቅተኛዎቹ ድምፆችም እየሳሱ መቸገርሽን አነበብሁ። እስከዚህ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አየር በመጋጠሚያው ሲያመልጥ ቶሎ የሚደክመው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። «ጠንካራ ክር ገዝቼ ጥብቅ አድርጌ ልጠመጥምበት ነው» ያልሽው ግን አስደንግጦኛል። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ እባክሽ እጅሽን ሰብስቢ።

ክሩ የተጠመጠመው ክፍተት ለመሙላት ነው እንጂ እንጨቱን ለማሰር አይደለም። ስትነፊ የትንፋሽሽ እርጥበት ወንዴውን ጫፍ፣ ማለትም ክር ተጠምጥሞበት ወደ ሌላው ክፍል የሚገባውን፣ ከውስጥ ያረጥበዋል። እንጨት ሲረጥብ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በጎኑ ግን ያብጣል። ክሩ ጠፍንጎ ከያዘው ወደ ውጭ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ውስጥ ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ስፋቱ አይመለስም። ይህ ቀን ከቀን ሲደጋገም ውስጠኛው ቀዳዳ ልክ መጋጠሚያው ላይ እየጠበበ ይሄዳል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ የመጀመሪያውን ፍሉቴን በናይለን ክር፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጠመጠምሁት። መጋጠሚያው ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። በኋላ ድምፁ ለምን እንደታፈነ ግራ ሲገባኝ ክፍሎቹን ነጣጥዬ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ በቀዳዳው ውስጥ ተመለከትሁ። በሚያብለጨልጨው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ክሩ ባለበት ቦታ ትክክል፣ ቀጭን የጥላ ቀለበት ይታያል። እንጨቱ ታንቆ ኖሯል። ያን ቀለበት ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ቀጭን የጥጥ ክር ውሰጂ፤ ጥጥ ትንሽ ይለጠጣል። ክሩን በንብ ሰም ጉብታ ላይ ሁለት ጊዜ ጎትተሽ አሳልፊው። በእንጨቱ ላይ ያለው አሮጌ ክር ደኅና ከሆነ አትፍቺው፤ በላዩ ጨምሪበት። የክሩን ጫፍ በእንጨቱ ርዝመት አስተኝተሽ፣ በዚያው ላይ እየጠመጠምሽ ደብቂው። ክሩ ሳይረግብ እንዲተኛ ያህል ብቻ ያዢው፤ ጣትሽ ላይ ምልክት ካወጣ እየሳብሽው ነው ማለት ነው። መሐሉ እንዳያብጥ ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርሺው፤ ጉብ ያለ ጥምጥም መጋጠሚያውን እንደ ሚዛን ያወዛውዘዋል። ሁለት ሦስት ዙር ጨምረሽ ሞክሪ፣ እንደገና ጨምረሽ ሞክሪ። ሲበቃ ጫፉን በጥፍርሽ ሰሙ ውስጥ ተጫኚው። ሙጫ የሚባል ነገር አታስጠጊው፤ የክር ጥቅሙ ከቡሽ ይልቅ በደቂቃ ውስጥ መጨመርና መቀነስ መቻሉ ነው።

ልኩን የምታውቂው በለስላሳ መጠምዘዝ ሲገባና ሲወጣ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ሳይወላወል ሲቀር ነው። የሚያታግልሽ ከሆነ ክር ቀንሺ፤ ካስገደድሽው ወንዴውን የሚቀበለው ሴቴው አፍ ይሰነጠቃል፤ ያ ደግሞ በክር አይጠገንም። አየር ማምለጡን ለማወቅ የአፉንም የጣቶቹንም ቀዳዳዎች ሸፍነሽ ከታችኛው ጫፍ አየር ሳቢ። መጋጠሚያው ከዘጋ ከንፈርሽ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ካልዘጋ ወዲያው ይለቅሻል።

መጋጠሚያው አየሩ ሲደርቅ ይላላል፣ ሲረጥብ ይጠብቃል፤ ጥቂት ዙር መጨመርና መቀነስ ልማድሽ ይሁን። ከተጫወትሽ በኋላ ነጣጥለሽ ጥረጊው፤ ተጋጥሞ አይደር።

ዛሬ ክር ከመጨመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሁሉንም ክፍል በብርሃን ትይዩ አድርገሽ በውስጡ ተመልከቺ። ቀለበቱን ካየሽ ምንም አትንኪ፤ ጻፊልኝና ስመጣ አብረን እናየዋለን።

የሚናፍቅሽ አባትሽ