ሪሞቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓቴ አነበብኩት። ምስሩ ሳያልቅ ሳህኑን ከደንኩት። ጸሐፊያችሁ «ወግ አጥባቂ» ብለው የሣሉት ሰውዬ የትራምፕ ደጋፊዎችን ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ስደተኛ ሲያይ ደሙ የሚፈላ ገበሬ ነው። «ሊበራል» ያሉት ደግሞ እግዜርን የካደ፣ ማኪያቶውን በአጃ ወተት የሚጠጣ፣ በሰው ላብ ሥራ ፈት የሚቀልብ ከተሜ። በቃ፣ አለቀ። ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሁለት ሰው ሆኖ ቀረ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ፎቃችን ላይ አንድ ሳሎን፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ሪሞት አለ፤ በሪሞቱ የሚጣሉ ሁለት አዛውንትም አሉ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሌላኛው ሃይስኩል ታሪክ ያስተማሩ። እስቲ ፎክስን፣ ያን ወደ ወግ አጥባቂዎች የሚያደላውን የዜና ጣቢያ፣ የሚያዩት የትኛው ይመስላችኋል? አስተማሪው ናቸው። ቧንቧ ሠራተኛው የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ሰው ስለነበሩ ወደ ሊበራሎች የሚያደላው ኤምኤስኤንቢሲ ካልተከፈተላቸው እራት አይበሉም ነበር።

አንድ ማታ ነርሷ ስኳራቸውን ልትለካ መጣች። አስተማሪው «ኢንሱሊን 35 ዶላር የገባልን በትራምፕ ነው» አሉ። ቧንቧ ሠራተኛው «በባይደን ነው እንጂ!» ብለው ከዘራቸውን ሲያነሱ ትሪው ተገለበጠና የተፈጨው ፖም አዲሱ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። የሁለቱም ጆሮ ደክሟልና ጩኸቱ ሊፍቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ነገሩ ከነከነኝና ቤት ገብቼ ፈለግሁት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ማለቴ ግማሽ ግማሽ። በሪፐብሊካኑ (በወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ሰው) በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን የተዘጋጀ ፕሮግራም በ2021 ሥራ ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)፤ በፈቃዳቸው የገቡበት የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) የመድኃኒት ፕላኖች የወር ኢንሱሊንን ከ35 ዶላር እንዳያስበልጡ አደረገ። ዴሞክራቱ (የሊበራሎቹ ፓርቲ ሰው) ባይደን በ2022 የፈረሙት ሕግ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ነገሩን ለሜዲኬር ተጠቃሚ ሁሉ አዳረሰው። በማግስቱ ይህንን ለሁለቱም ነገርኳቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ተኮሳትረው አዩኝ። ከተዋወቁ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው፦ የማይመለከተኝ ነገር ውስጥ መግባቴ ላይ።

ጸሐፊያችሁን ብቻ አልወቅስም፣ እኔም ያው ነበርኩ። አስተማሪው ፎክስ እንደሚያዩ ስሰማ «እኒህማ ይጠሉኛል» ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍላቸውን ለሥራ ባልደረባዬ ስገፋባት ከረምኩ። በኋላ ለዜግነት ፈተና ያኔ የነበሩትን 100 ጥያቄዎች ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ጥርሳቸውን እያጠብኩላቸው፣ አፋቸው በሳሙና ተሞልቶ፣ «ሕገ መንግሥቱ ስንት ማሻሻያ አለው?» ይሉኛል። 27! ድንበሩ ይዘጋ ይላሉ፤ ለእኔ ግን ፈተናውን ሳልፍ ኬክ አስመጡ። አባባላቸው አሁንም ያናድደኛል፣ ስንከራከር እንውላለን። ስደተኛ ይምጣ የሚሉት ቧንቧ ሠራተኛው በበኩላቸው «አገርሽ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ትሄጂ ነበር?» ብለው በሐዘኔታ ጠይቀውኛል። እኔ ጉለሌ ነው ያደግሁት። ቧንቧችን ግቢያችን ውስጥ ነበር፣ ውኃው ይጠፋል እንጂ።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካውያን ከሪፐብሊካኖች መካከል በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኘው ስንት እጅ ይሆናል ተብለው ሲጠየቁ፣ ግምታቸው በአማካይ 38 በመቶ ሆነ። እውነቱ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ከዴሞክራቶች ስንቱ ግብረ ሰዶማዊ ነው ሲባሉ 32 በመቶ አሉ። እውነቱ 6 ገደማ ነው። ሌላ ደግሞ፣ በ1960 ልጄ የሌላውን ፓርቲ ሰው ብታገባ ቅር ይለኛል ያለው ከመቶ ከአምስት አይበልጥም ነበር። በ2010 ሲጠየቅ ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች አንድ ሦስተኛው ቅር ይለኛል አለ። እኛ ልጅ ስንድር «የማን ዘር ነው?» ስንል የኖርን ሰዎች ይህ አይገርመንም። አሁን «ማንን ነው የሚመርጠው?» የሚለውንም ደርበንበታል።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ቡና ላይ የሚወራውን ልንገራችሁ። አንዱ «ዴሞክራት የመረጠ ክርስቲያን ነኝ አይበል» አለ። ሌላው ወዲያው «ለሪፐብሊካን ድምፁን የሰጠ ሐበሻ፣ ቢላ ለሚስልበት ያጨበጨበ በግ ነው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ዕቁቡን እንኳ በየፊናቸው ነው የሚጥሉት። መሃላቸው ሆነው ፈንዲሻ ሲያዞሩ የነበሩትን እትዬን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እትዬ ከሑዳዴ እስከ ፍልሰታ አጽዋማቱን አንድም አያጎድሉም፣ ፅንስ ማስወረድን አጥብቀው ይቃወማሉ፣ ስለ ጋብቻም የአያቶቻቸው አቋም ነው ያላቸው። ባላቸው ደግሞ ሆቴል ውስጥ የዩኒየን አባል ናቸው፣ እናታቸው በሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በተዘጋጀው የመንግሥት ጤና መድን) ይታከማሉ፣ የእህታቸው ወረቀት ገና ነው። ዴሞክራት ይመርጣሉ። እትዬን በጽሑፋችሁ መሠረት የት እናስቀምጣቸው?

እኛ ደግሞ ስንገለባበጥ ፈጣን ነን። በ2021 የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ስንቶች ናቸው ቨርጂኒያ ላይ ለአገረ ገዥነት ለተወዳደሩት ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን የቀሰቀሱት! ከዚያ በፊት ሪፐብሊካንን ዘረኛ ሲሉ የነበሩ ጭምር። በነገሩ መቆጣታቸውን አልነቅፍም። ግን ያኔ ኮፍያው የት ሄደ? አጃ ወተቱስ?

ዲቪውንም አስታውሱ። እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት፣ ከአንባቢዎቻችሁም ብዙዎቹ እንደዚያው ይመስሉኛል። ዲቪን የፈጠረውን የ1990 ሕግ ሴኔት ውስጥ ያቀረቡት ዴሞክራቱ ቴድ ኬኔዲ ናቸው፣ የፈረሙት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ቡሽ፣ አባትየው። ኤች አይ ቪን ለመዋጋት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለብዙ አገሮች በ2003 የተጀመረው ፔፕፋርም የልጅየው ቡሽ ነው፣ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ድምፅ ሰጥተውበታል። ይህንን የምላችሁ ፓርቲዎቹ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። አራምባና ቆቦ የሆኑባቸው ጉዳዮች ሞልተዋል፤ ስደተኛን በተመለከተ አሁን ያለው ልዩነት እኔም እንቅልፍ ይነሳኛል። ጉዳዩን አንስታችሁ ተከራከሩ፣ ማን ምን ሕግ አወጣ፣ ማን ከለከለ በሉ። ሰውየውን ግን በኮፍያው አትጻፉት።

ሳሎናችንን ስለጠየቃችሁ (ባትጠይቁም)፣ አሁን ሪሞቱ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። ኦሪዮልስ ሲጫወቱ ቤዝቦል እከፍትላቸዋለሁ፣ ሁለቱም እኩል ይራገማሉ። ትናንት አስተማሪው የፎክስ ሰዓት ደርሷል ብለው ሲጠይቁኝ ባትሪው አልቋል ብዬ ዋሸኋቸው። ቧንቧ ሠራተኛው እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተው ሁለት አዲስ ባትሪ አወጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሲኤንኤዋ፣ ከሜሪላንድ