ደብዳቤ ለልጄ፦ ጁስ ምሳ አይሆንም

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ አባትሽን ጉልበቱን አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።

አክስትሽ ከኮምቦልቻ መጥታ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ጓደኞችሽ እንጀራ በጎመን ሲበሉ አንቺ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ጠጥተሽ ወደ ሥራ ትመለሻለሽ አሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደረጃ ስትወጪ አዙሮሽ ግድግዳ ይዘሽ ቆምሽ። ለምን ደበቅሽኝ? ጁስ ምሳ አይሆንም፣ ልጄ።

«ፍራፍሬ እኮ ጤና ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ፍሬው አዎ። ጭማቂው ግን አሰሩን ማጥለያው ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። 250 ሚሊ ሊትሩ ምንም ሳይጨመርበት 20 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ አምስት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጭማቂን ስኳር ከማርና ከተጨመረ ስኳር እኩል ይቆጥረዋል፤ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። የበሰለ ጎመን ግን በ100 ግራሙ ስኳሩ አንድ ግራም አይሞላም፣ አሰሩ 4 ግራም ገደማ ነው፣ ካልሲየሙም ከዚያው መጠን ጭማቂ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። በቫይታሚን ሲ ጭማቂው ይበልጣል፤ ጎመን ሲቀቀል ብዙው ይጠፋልና።

ጎመንን የድሃ ምግብ ብለሽ እንዳትንቂው። በ1977 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ቀን አጎትሽን ዳፍንት ይዞት ነበር፤ ሲመሽ ዓይኑ አያይም። ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ ጨዋታውን ትቶ ግድግዳ እየዳበሰ ይገባል። አያትሽ ሥራ የሚሸሽ መስሏት ትቆጣው ነበር። አንድ ማታ ከምድጃ የወረደ ድስት ረግጦ እግሩ ሲቃጠል ነው ነገሩ የገባት። የጤና ጣቢያው ሰው «ጎመንና እንቁላል ስጪው፣ ጎመኑን ዘይት አስነኪው» አላት። እንቁላል ከየት ይምጣ? የብር አልቦዋን ሸጣ ጎመን ገዛች፤ ዘይቱ ከእርዳታ የተገኘ ነበር። እኛ ታላላቆቹ ዙሪያውን ተቀምጠን ሲበላ እናየዋለን፤ አንዳችንም እጃችንን አንዘረጋም። ቀስ በቀስ ዓይኑ ተመለሰ። አያትሽ ግን ያን ቁጣዋን እስክትሞት ድረስ ስታነሣው ታለቅስ ነበር። ግድግዳ ይዘሽ ቆምሽ ሲሉኝ የታየኝ እሱ ነው።

አሁን ስሚኝ። ጎመኑን ውሃ አታብዢበት፣ የተቀቀለበትንም አትድፊው። ስታወጪው ሎሚ ጭመቂበት፤ ጎመኑ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነትሽ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ይህንኑ ብረት ስለሚያስቀሩ ከበላሽ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ብርቱካን ካማረሽ ልጠሽ ብዪው። ጁሱንም አልከለክልሽም፤ ከምሳ በኋላ፣ ያለ ስኳር፣ ትንሽ ይሁን። በምሳ ቦታ ግን አይሆንም ብያለሁ።

ቅዳሜ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። ማዞሩ ከደም ማነስ ይሁን ከሌላ፣ ሐኪም ይንገረን። ብር ካነሰሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፣ አትፈሪ።

ሽሮና ድርቆሽ በሾፌሩ ልኬልሻለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ጠብቂው፤ ባዶውን ጣሳ በእሱው መልሺልኝ።

እናትሽ