አባዬ፣ ስለ ዓሣ ማጥመጃው ዘንግ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ «አያታችን መቼ ነው የሚመጣው» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል።

ባለፈው በስልክ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልግዛልህ ስልህ «ለእኔ ሸምበቆ ይበቃኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ ለምን ወጪ ታወጫለሽ» ብለህ ነገሩን ዘጋኸው። መስመሩም ስለሚቆራረጥ ልከራከርህ አልቻልኩም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው። መነጽርህን አድርግና ረጋ ብለህ አንብበው፣ ትንሽ ረዘም ይላል።

ከእኛ ጋር ለመኖር እሺ ካልክ ወዲህ አንድ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ዕድሜህን ሙሉ ዝዋይ፣ ደምበል ሐይቅ ዳር ስትወጣና ስትገባ የኖርክ ሰው፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጠህ እንድትውል አልፈልግም። «እዚያ ውሃ የት አለና» ብለኸኝ ነበር። አለ አባዬ። ግን ሁሉም አይሆንም። ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው አባ ሳሙኤል ነው፣ እሱን ግን እርሳው፤ ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክመው የሚገቡት እዚያ ነው፣ ከዚያ የወጣ ዓሣ ለልጆቼ አላበላም። ለገዳዲና ገፈርሳ ደግሞ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ነው፣ አይነካም። የሚሆነን ቢሾፍቱ ነው። በድሮው መንገድ፣ በገላንና በዱከም አድርጎ፣ በሚኒባስ ይደረሳል። በጠዋት ከተነሳን ፀሐዩ ሳይከር ውሃው ዳር ነን። የሐይቆቹ ዳር ብዙው በሎጅና በሪዞርት የተያዘ ስለሆነ የት መቆም እንደሚፈቀድ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ፈቃዱንም እንደዚሁ፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፣ እዚያ ደርሰን ከሰው ጋር እንድንጨቃጨቅ አልሻም።

አሁን ወደ ሸምበቆህ ልምጣ። ደምበል ሜዳ ውሃ ነው። አብዛኛው ቦታ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። አንተ ፊላው ጥግ ሸምበቆህን ዘርግተህ ስትቀመጥ ቆሮሶው፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ እግርህ ሥር ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ከዳር ትንሽ ራቅ ስትል ወለሉ ይከዳሃል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ሸምበቆ ጫፍ ላይ የታሰረ ክር ደግሞ ቁመቱ ያው ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ክር የሚጠቀልል ሪል ያለው ዘንግ ከሆነ ግን ራቅ አድርገህ ትወረውራለህ፣ ጥልቀቱንም አንተ ትወስናለህ። አሠራሩ ቀላል ነው። ክሩ ላይ በሌላ ትንሽ ክር ቋጠሮ ታስራለህ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ እስከ ቋጠሮው ድረስ ይንሸራተታል። ቋጠሮውን 2 ሜትር ላይ ካደረግኸው ትሉ 2 ሜትር ላይ ይንጠለጠላል፣ 4 ላይ ካደረግኸው 4 ላይ። ስትጠቀልል ቋጠሮው በዘንጉ ቀለበቶች ሾልኮ ገብቶ አብሮ ይጠቀለላል። የዚያን ቀን ቆሮሶው የት ጥልቀት ላይ እንዳለ ፈልገህ የምታገኘው እንደዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እጅህ ነው። ልሸፋፍነው አልፈልግም። ቁርጥማቱ ጣቶችህን እንደያዛቸው አውቃለሁ፣ ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጅህ ነው የምትይዘው። ቀኝ መዳፍህ ላይ፣ ከአመልካች ጣትህ ሥር ተነስታ እስከ መሐሉ የምትሄደዋን ነጭ ጠባሳም አውቃታለሁ። አምባዛ ክሩን ይዞ ሲሮጥ የሰነጠቀህ ነው። ያኔ ጎልማሳ ነበርክ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ሥራህን ቀጠልክ። አሁን ያ ቢደገም አልችለውም።

ሪሉ ላይ፣ ከፊት ለፊት፣ የምትዞር ክብ ቁልፍ አለች። ዓሣው ከመጠን በላይ ሲጎትት ክሩን በልክ የምትለቀው እሷ ናት። እጅህ አይታገልም፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ክሩ ይለቀቃል፣ ዓሣው ሲደክም ቀስ ብለህ ትጠቀልላለህ። አላግባብ ከጠበቀች ግን ክሩ ይበጠሳል። ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ ያህል ሲጎተት መልቀቅ መጀመር አለበት፤ 4 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ በ1 ኪሎ ማለት ነው። ሚዛን አያስፈልገንም። 1 ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክሩ ላይ አንጠልጥለን ቁልፏን እናስተካክላለን፤ ጠርሙሱ ቀስ እያለ መውረድ ሲጀምር ልኩ እሱ ነው።

የሪል ዓይነት ብዙ ነው። ሙያ ላለው ሰው የሚሆን ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ አለ፣ ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ሲወረወር ራሱ የሚሽከረከር። አውራ ጣትህ ትንሽ ከዘገየ ክሩ ሁሉ ተተራምሶ ይቀራል፤ እሱን አንፈልግም። ሌላው ክዳን ያለው፣ ከኋላው አንድ ቁልፍ ተጭነህ የምትወረውርበት ነው። ለታመመ ጣት በጣም ይመቻል፣ ልቤ መጀመሪያ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። ታሪኩን ስትሰማ ደስ ይልህ ይሆናል፤ ይህን ዓይነቱን በሰፊው ያስለመደው ዜብኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ መጀመሪያ «ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ» ተብሎ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ፈንጂ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያውን ሪል ያወጣው በ1949፣ ታዋቂውን 33 ቁጥር ደግሞ በ1954 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ችግሩ ክሩ ክዳን ውስጥ ስለሆነ ሲጠላለፍ አይታይህም፣ የሚይዘውም ክር አነስ ያለ ነው።

እኔ የመረጥኩልህ ሦስተኛውን ነው። ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው፣ ማጠንጠኛው ፊት ለፊት ክፍት የሆነው። ክሩን በአመልካች ጣትህ ትይዛለህ፣ ጎበጥ ያለችውን ሽቦ ትከፍታለህ፣ ወርውረህ ጣትህን ትለቃለህ። ሽቦዋን ስትዘጋ እጀታውን በማዞር ሳይሆን በእጅህ ዝጋት፤ እንደዚያ ሲሆን ክሩ አይጣመምም፣ ውስጥ ያለችው ሞላም ቶሎ አትደክምም። የመጠን ቁጥሩ 2500 ወይም 3000 የሚል ይሁን። ለቆሮሶ 2500 በቂ ነው፣ ግን 3000ው ላይ እጀታው ብዙውን ጊዜ ወፈር ስለሚል ለጣቶችህ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፣ አምባዛ ቢመጣም አያሳፍርም። 5.2፡1 የሚል ጽሑፍ ካየህ፣ እጀታውን አንዴ ስታዞር ክሩን የሚጠቀልለው ክፍል 5 ጊዜ ከትንሽ ይዞራል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ፈጣን የሆነው ለአንተ ድካም ብቻ ነው፣ ለማዞር ይከብዳል።

ወንድሜ ከዱባይ «12 ኩሽኔታ ያለው ልላክላችሁ» እያለ ፎቶ ይልክልኛል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አሳቢ ልጅ ነው። ግን የኩሽኔታ ብዛት ጥራት አይደለም አባዬ። 4 ጥሩ ኩሽኔታ ያለው፣ 12 ርካሽ ከታጨቀበት ይበልጣል። ካርቶን ላይ ትልቅ ቁጥር መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ የማደርገው ሌላ ነው። እጀታውን ቀስ አድርጌ አዞራለሁ፣ ከተንቋቋ አልወስድም። ወዲያና ወዲህ አነቃንቀዋለሁ፣ ከላላ አልወስድም። ከዚያ ክሩን በእጄ ሳብ አደርጋለሁ፤ ሳይቆራረጥ እኩል መልቀቅ አለበት፣ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነ ዓሣው የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው።

ዘንጉ ላይ ደግሞ ብዙ መክፈል አያስፈልግም። የካርቦኑ ቀላል ነው፣ ዓሣው ስትነካካ ጫፉ ወዲያው ይነግርሃል፣ ግን ድንጋይ ላይ ከወደቀ ወይም የሚኒባስ በር ከያዘው አለቀለት። የፋይበር ግላሱ ከበድ ይላል፣ ግን ቻይ ነው። ሁለቱን ቀላቅለው የሚሠሩትም አሉ፤ ሼክስፒር የሚባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ የሚያወጣው አግሊ ስቲክ የሚባል ዘንግ እንደዚያ ነው። እኛ በሕዝብ ትራንስፖርት ስለምንሄድ ቅይጡን ካገኘሁ እሱን፣ ካጣሁ ፋይበር ግላሱን እገዛለሁ። ቁመቱ 2.10 ሜትር፣ «ሚዲየም ላይት» የሚባለው፣ ጫፉ ለስለስ ያለ። ቆሮሶ አፏ ትንሽ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትቀምሰው፤ ደረቅ ዘንግ አይሰማህም። እንደ አንቴና እየተመዘዘ የሚረዝመው ለሻንጣ ይመቻል፣ ግን አሸዋ ሲገባበት መጋጠሚያው ይይዛል፣ ይሰበራልም። ስለዚህ ለሁለት የሚከፈለው ይሻላል፣ 1 ሜትር ከምናምን ብቻ ስለሚሆን ሚኒባስ ውስጥ እግራችን መሐል እንይዘዋለን።

አንድ ደስ ያለኝን ዘዴ ልንገርህ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ለማየት ጥጥ ይዤ እሄዳለሁ። ጥጡን በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፌ አዞረዋለሁ። ጭረት ካለ፣ ዓይን ባያየውም፣ ጥጡ ይያዝና ክሩ ይቀርበታል። ያ ጭረት ነው ቀን ቆጥሮ ናይለኑን የሚበላው። ያንተ ዓይን እንደ ድሮው ስላልሆነ ዘዴውን ያዘው፣ ቤትም ስንሆን አልፎ አልፎ እንፈትሸዋለን።

ለሁሉም 6,000 ብር መድቤያለሁ። ከዚያ ውስጥ ሰፋ ያለውን ድርሻ ለሪሉ፣ ቀሪውን ለዘንጉ፣ ትንሽ ደግሞ ለክርና ለመንጠቆ። እጅ አጥሮኝ አይደለም፣ ከዚህ በላይ ማውጣት ለዓሣው ምንም ስለማይጨምር ነው። ስለዚህ «ልጄን አስቸገርኩ» የሚለውን ተወው። ቴሌግራም ላይም ይሸጣሉ፣ ግን በእጄ ሳልነካ፣ ሳላዞር አልገዛም።

ክሩ ናይለን፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ለቆሮሶ። አምባዛ ካማረህ 0.35ቱን ለብቻው እንይዛለን። ማጠንጠኛው ላይ ሲጠቀለል ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ ከሞላ እየተፈታ ይዘረገፋል፣ ካነሰ አይርቅልህም። መንጠቆ ቁጥር 8 ወይም 10፤ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው እንደሚያንስ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የተቆራረጠውን ክር እዚያው አንጥልም። ዝዋይ ላይ የአባ ኮዳ ወፍ እግር በናይለን ተጠፍሮ ያየነውን አልረሳሁትም፣ ቢላዋ ይዘህ ቀርበህ ልትፈታው ስትሞክር የፈራሁትንም። አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘች ቆሮሶ ካጋጠመን ደግሞ እንመልሳታለን፣ መቼም አንተ ነህ ያስተማርከኝ።

አሁን በጾም ከተማው ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ዋጋውም ሰማይ ነው። አንተ ግን በጾም ዓሣ እንደማትቀምስ ስለማውቅ ከፋሲካ በኋላ ብትመጣ ጥሩ ነው። እኔ እስከዚያ ሁሉን አዘጋጃለሁ።

ከአንተ የምፈልገው ሁለት መልስ ነው። አንደኛ፣ እጀታውን በየትኛው እጅህ ነው የምታዞረው? ወደ ቀኝም ወደ ግራም ስለሚዞር ሱቅ ውስጥ ራሴ ቀይሬ እገጥመዋለሁ፤ ዘንጉን ሻል ያለው እጅህ ቢይዘው ይሻላል፣ ክብደቱ እሱ ላይ ነው የሚውለው። ሁለተኛ፣ አመልካች ጣትህን አሁን አጠፍ አድርገህ የሻይ ማንኪያ እጀታ አንጠልጥልባት፤ ሳያምህ ከያዝክ እኔ ያልኩትን እገዛለሁ። ካመመህ ግን እውነቱን ንገረኝ፣ እንዳትደብቀኝ አደራ፣ ክዳን ያለውን ባለ ቁልፉን እፈልግልሃለሁ። ቅዳሜ መርካቶ ስለምሄድ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቀኝ።

የምትወድህ ልጅህ