ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለዛ የግሪን ቲ ካፕሱል

ልጄ፣

የላክሽልኝን የካፕሱል ፎቶ አየሁት፣ ልግዛው ወይ ላልሽው መልሴ አትግዢው ነው። ግን ዝም ብዬ አትግዢ ብል እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ምክንያቱን ልጻፍልሽ፣ ረዘም ይላል ታገሺኝ።

እቃው ላይ "ከፍተኛ ፖሊፊኖል" ይላል። ፖሊፊኖል ተክሎች ራሳቸውን ከፀሐይ ጨረር ከተባይ ምናምን የሚከላከሉበት ነገር ነው፣ ከ8,000 በላይ አይነቱ ይታወቃል፣ የጥቁር ወይን ቀለም በይው የካካዎ ምሬት በይው ከሱ ነው። ሻጮቹ የማይነግሩሽ ግን የምትውጪው ሌላ ደምሽ ውስጥ የሚዞረው ሌላ መሆኑን ነው።

አብዛኛው ምግብ ውስጥ ያለው ከስኳር ጋር ተጣብቆ ነው። ትንሹ አንጀት ላይ ያለ ኢንዛይም (ያው የወተትን ስኳር የሚፈጨው ራሱ ነው) ስኳሩን ሲቆርጥለት ነው የሚገባው፣ እሱም ለጥቂቱ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። የስኳሩ አይነት ራሱ ለውጥ ያመጣል፤ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኩዌርሰቲን የሚባለው ፖሊፊኖል 1 ሰዓት ሳይሞላው ደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ሻይ ውስጥ ያለው ሩቲን የሚባለው ግን ታች ያሉትን ባክቴሪያዎች መጠበቅ ስላለበት ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። የቀረው በሙሉ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዛ ባክቴሪያዎቹ ይሰባብሩታል፣ ስብርባሪው ይገባል፣ ከዛ ደሞ ጉበት ይቀበለውና መልሶ ይቀይረዋል። ባክቴሪያሽ ከኔ ባክቴሪያ ይለያል፣ ስለዚህ አንድ አይነት ምግብ በልተን የምናገኘው አንድ አይደለም። አኩሪ አተር ውስጥ ካለው ኢኮል የሚባለውን ነገር መስራት የሚችለው ለምሳሌ የተወሰነ ሰው ብቻ ነው።

ለዛ ነው ላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ የተለካ የአንቲኦክሲዳንት (ሴልን ከጉዳት ይከላከላል የሚባለው ነገር) ነጥብ ብዙ የማይረባው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እንኳን የዛን ነጥብ ዝርዝር በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ አነሳው፣ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ ይጠቀሙበት ስለነበር።

ፖሊፊኖል አይጠቅምም እያልኩሽ አይደለም እኮ። የደም ስር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ ያግዛል፣ ደም ስሩ ዘና ይላል፣ ይሄ በካካዎ በደንብ ታይቷል። ግን ትልቁን ጥናት እይው፣ ኮስሞስ የሚባለውን በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ከ21,000 በላይ ሰው ነበረበት፣ የካካዎው ካፕሱል ዋናውን ግቡን ማለትም አጠቃላይ የልብና የደም ስር ችግርን በግልጽ አልቀነሰም፣ በልብና በደም ስር በሽታ የሚሞተው ሰው ግን አንሷል። ደስ ይላል፣ ግን ተአምር አይደለም።

ያንቺ ካፕሱል ግን ካካዎ አይደለም፣ የግሪን ቲ ጭማቂ ዱቄት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለስልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዛ በላይ ኢጂሲጂ (የግሪን ቲ ዋናው ፖሊፊኖል ነው) በሰፕልመንት መልክ መውሰድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ከማለት ጋር ይያያዛል ብሏል። በኩባያ የሚጠጣው ሻይ በጥቅሉ ችግር የለበትም፣ ባዶ ሆድ ላይ የሚዋጠው ዱቄት ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

በቃ አፕሉን ከነልጣጩ ብይ፣ ኩዌርሰቲኑ በብዛት ልጣጩ ላይ ነው። ሽንኩርት ስትቀቅይ ውሃውን አትድፊው፣ የተወሰነው ኩዌርሰቲን እዛ ይቀራል። ደሞ ቤሪውን ከሙዝ ጋር አትፍጪው፣ ሙዝ የቤሪውን ፖሊፊኖል የሚያበላሽ ኢንዛይም አለው (ይሄን ሳነብ እኔም ገርሞኛል፣ ሙዝ ማን ይጠረጥራል!)።

አንድ ነገር ግን ላንቺ በተለይ፣ ብረትሽ ዝቅ ብሏል ተብለሻልና፣ ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ፖሊፊኖሉ የባቄላና የምስርን ብረት ይይዝና እንዳይገባ ያደርጋል። ቢያንስ 1 ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ፣ ምግቡ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ድጋሚ ስትመረመሪ ውጤቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ