ጣሪያው ለፋሲካ ካልደረሰ ቂጣው የት ሊጋገር ነው?

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አሁንም እኛው ነን፣ እዚህ እስራኤል ያለው የቤተ እስራኤል የጋራ ኩሽና ኮሚቴ። "ደግሞ መጡ" እንደምትሉ እናውቃለን። ዓመት ሳይሞላ እንደገና እጅ መዘርጋት ለእኛም ቀላል አይደለም። ከኮሚቴያችን "ሰው ፊት መቆም ሰለቸኝ" ያለም አለ። ግን ምን እናድርግ፣ ጣሪያው ወርዷል።

ከሐኑካ በዓል በኋላ ሳያባራ የዘነበውን ዝናብ ታስታውሳላችሁ። የጋራ ኩሽናችን የኋለኛው ክፍል ጣሪያ ያን ጊዜ ነው የተደረመሰው። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቆርቆሮው ያረፈው ምጣዶቹ ላይ ነው። አንዱ ተጠግኖ ይሠራል፣ ሌላው እስካሁን አልተነሳም። ከረጢት ሙሉ የጤፍ ዱቄት በስብሶ ተጥሏል። የፊተኛው ክፍል፣ አሮጌው ሚክላት (የቦምብ መጠለያው)፣ ኮንክሪት ስለሆነ ምንም አልነካውም። ድስቱን፣ ሰፌዱን፣ ረከቦቱን ሁሉ እዚያ አጭቀነዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ክዳን ይወድቃል።

የጣሪያው ሥራ 38,000 ሼቅል ተገምቷል። በእጃችን ያለው 14,500 ነው። ሠሪው ግማሹን፣ ማለትም 19,000 ካልያዝኩ መሰላል አላቆምም ብሏል። ስለዚህ ሥራው እንዲጀመር ብቻ 4,500 ጎድሎናል። መዋጮው መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ቀጥ አለ። የፑሪም በዓል ሊደርስ ነው፣ ከፑሪም እስከ ፋሲካ ደግሞ አንድ ወር ብቻ ነው።

ሒሳቡን እዚሁ እንጻፈው፣ ኋላ እንዳይረሳ። የባንክ ሒሳባችን አልተቀየረም። በደረሰኛችን ጀርባ የታተመው ቁጥር ነው፤ በሚክላቱ በር ላይም ተለጥፏል። በቢት፣ በስልኩ የገንዘብ መላኪያ፣ የምትልኩ ወደ ገንዘብ ያዣችን ስልክ ላኩ፣ ማስታወሻው ላይ "ጣሪያ" ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ ውጭ በዋትስአፕ የሚዞር ቁጥር ካያችሁ የእኛ አይደለም።

አሁን ወደሚወራው ነገር እንምጣ። "ባለፈው ያዋጣነው ብር የት ገባ?" የሚል ጥያቄ አለ። ፊት ለፊት የጠየቁን ይመስገኑ፤ በጀርባ የሚያወሩትም ይስሙ። ገንዘቡ የገባው ሁለት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት መደርደሪያ ውስጥ ነው። "ለአንዲት ኩሽና ሁለት ገንዳ ምን ይሠራል?" ተብሏል። አንዱ የሥጋ ነው፣ አንዱ የወተት። ኦሪት "ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል" ብላ ሦስት ጊዜ ትናገራለች። እኛ ሁለት ገንዳ ብንገዛ በዛ?

"እናቶቻችን ጎንደር ያለ ገንዳና ያለ ወረቀት በንጽሕና አሳድገውናል" የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው። ደም አልበላንም፣ ጥሬ ሥጋ ቤታችን አልገባም፣ የታረደውም በሚያውቅ ሰው እጅ ነበር። ይህን ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ግን እዚህ ትምህርት ቤት፣ ወታደር ቤት፣ ማንኛውም የሕዝብ ቦታ ምግብ ይዘህ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተዑዳው፣ ምግቡ እንደ ሕጉ የተሠራ (ኮሸር) ነው የሚለው ወረቀት ነው። ያለ ተዑዳ ዳቧችንን ከልጆቻችን ክፍል በር ላይ ነው የሚመልሱት። ይህ የሚያናድዳችሁ ከሆነ እኛንም አናዶናል። ተናደን ግን አልተቀመጥንም፤ ለማሽጊያሑ፣ ለኮሸር ተቆጣጣሪው፣ ከፈልን፣ ወረቀቱን አገኘን። አሁን በስግድ በዓል ሰሞን ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ይደውላሉ። ደረሰኞቹ በሙሉ በሰማያዊው ፋይል አሉ፣ መጥታችሁ ገልብጡ።

ስግድን ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ክኔሴት፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ የኩሽናችን ትልቁ ቀን እሱ ነው። ከአስተስርዮ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ጾሞ ኢየሩሳሌም ይወጣል፣ ቀሳውስቱ በጥላ ሥር ሆነው ያነባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጾሙ ይፈታል። አውቶቡሶቹ ወደ ሰፈር ሲመለሱ ዳቦው ተቆርሶ የሚጠብቃቸው እኛ ጋ ነው። ድፎውን እናቶች ሌሊት ያቦኩታል። የኮባ ቅጠል ስለማይገኝ በሙዝ ቅጠል ይጋገራል፤ ጥቁር አዝሙዱ ግን ያው ነው። ከቡኾው ቁራሽ ተነሥታ ትቃጠላለች፣ የካህን ድርሻ ናትና። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ "ከእንጀራውስ ለምን አይነሣም?" ብላ ጠይቃ ነበር። ጤፍ ከአምስቱ እህሎች፣ ከስንዴና ከገብስ ወገን ስላልሆነ ነው። ይህን የመለሱላት የሰማንያ ዓመት እናት ናቸው፣ ማንበብ የማይችሉ።

ኩሽናው የተከፈተው ለዚህ ነው። ምግብ መሸጫ አይደለም። ዶሮ ወጥ በቪዲዮም ይታያል፤ በቪዲዮ የማይገኘው ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ እዚህ ዶሮው ኮሸር ተደርጎ፣ ጨው ተነስንሶበት ታጥቦ ነው ገበያ የሚወጣው። ይህን የማታውቅ ልጅ እንደ ልማዱ ጨው ጨምራ ድስቱን ታበላሸዋለች። ቅቤም የለም። ሽንኩርቱ ሳይቸኮል ደረቁን ይቁላላና ዘይት ይገባል፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ትዕግሥት። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ከዶሮው ጎን አይብ ሲያጣ ፊቱ ይጨማደዳል። ሲቀምስ ግን ዝም ይላል። ቅቤና አይብ የሚያምረው በማዕረር (በሻቩዖት) በዓል ቀን፣ የወተት ገበታ ሲቀርብ ነው። ያን ቀን ሽሮው በንጥር ቅቤ ይሠራል፣ የሥጋው ገንዳ ደግሞ ተሸፍኖ ይውላል።

የሰንበት ነገርም አለ። በአገር ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ ነበር። ምግቡ ቀዝቃዛ፣ ቡናም የለም። ዛሬ በየቤቱ ፕላታ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰሌዳ፣ አለ፣ ምግቡ ሲሞቅ ያድራል። አንዳንድ አያቶች ግን እስከ ዛሬ ከፕላታ ላይ የወጣ አይነኩም፤ ዳቧቸውን ቀዝቃዛ ይበላሉ። ልጆቹ "አያቴ ታኩርፋለች" ይሉ ነበር። ኩሽናው ከተከፈተ በኋላ ነው ለምን እንደሆነ የገባቸው። በዚህ የማንም ሥርዓት አይናቅም፤ ኮሚቴው ላይ የሚጨቃጨቁ ቢኖሩም ደንባችን ይኸው ነው።

ወደ ፋሲካው እንመለስ፣ የሚያስጨንቀን እሱ ነውና። በአገር ቤት የሸክላው ዕቃ ለፋሲካ ይሰበር፣ አዲስ ይሠራ ነበር። እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ስለነበሩ አዲሱን ከገበያ አይፈልጉትም፤ ከራሳቸው እጅ ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያንም መሥዋዕት የተቀቀለበት የሸክላ ዕቃ ይሰበር፣ የናስ ዕቃ ከሆነ ግን ይፈተግ፣ በውኃም ይታጠብ ይላል። እኛ ዛሬ ያለን ብረት ድስት ነው። ስለዚህ በትልቅ በርሜል ውኃ ይንተከተካል፣ ድስቱ አንድ በአንድ ይነከራል። ሰፈሩ ሁሉ ድስቱን ይዞ ይመጣል። በርሜሉ የሚጣደው የት ነበር? ጣሪያው የወረደበት ክፍል ውስጥ።

ቂጣውም እዚያው ነው። ዱቄትና ውኃ ከተገናኙ፣ ሊጡ ኩፍ እንዳይል፣ 18 ደቂቃ ነው ያለን፤ አንዷ ታቦካለች፣ አንዷ ትጠፈጥፋለች፣ አንዷ ምጣዱ ላይ ትቆማለች። ማቦኪያው ከምጣዱ ከራቀ ሥራው አይሠራም። ጠባቡ ሚክላት ውስጥ እንሞክረው ብለን ነበር፣ ማሽጊያሑ አንዴ ገባና ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ነው። ከሱቅ የሚገዛው ማጻ አለ፣ እኛም እንበላዋለን። ትኩስ፣ ለስላሳ፣ ከምጣድ የወጣውን ቂጣ የለመዱ ሽማግሌዎች ግን በካርቶን የመጣውን እያዩ ነው የሚተክዙት። ጥርስ የሌላቸውስ በምን ይብሉት?

ለፋሲካ የተቸገረን መርዳት በእስራኤል የቆየ ግዴታ ነው። ዱቄት የሚያዋጣ ባለበት ከተማ ድሀ ያለ ቂጣ አያሳልፍም። ዘዳግም ደግሞ ለድሀ ወንድምህ እጅህን አትጨብጥ ይላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናስበው በሙሴ ዘመን የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ የሆነውን ነው። ሕዝቡ ወርቁንም ብሩንም፣ ሴቶቹ የፈተሉትንም እያመጡ፣ እያመጡ፣ በመጨረሻ ሙሴ "ይበቃል፣ ከዚህ በላይ አታምጡ" ብሎ አወጀ። የእኛ ኮሚቴ እንዲህ ያለ አዋጅ ለማውጣት እስካሁን ዕድሉን አላገኘም። ብታሳዩን ደስ ይለናል።

ገንዘብ የሌላችሁ ጉልበት አላችሁ። ፍርስራሹን ለማንሣት እሑድ ጠዋት የሚመጡ ወጣቶች ያስፈልጉናል፣ ጓንት ይዛችሁ ኑ። ኤሌክትሪክ የምታውቁ፣ ሁለተኛውን ምጣድ እዩልን። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ፣ እናታችሁ እዚህ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት የከተፈች፣ እናንተን በተለይ እየጠራን ነው። በዘመድ እጅ መላክም ይቻላል፤ ደረሰኝ ግን ሳትቀበሉ እንዳትቀሩ፣ ለእናንተም ለእኛም ሰላም ነው።

አንዴ ደግመን እንበል፣ ይቅርታ፣ ባለፈው የተሳሳተ ቦታ የላኩ ስላሉ ነው። ባንክ፦ በደረሰኙ ጀርባ ያለው ቁጥር፣ ሌላ የለም። ቢት፦ ወደ ገንዘብ ያዣችን፣ ማስታወሻው "ጣሪያ"። በእጅ፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚክላቱ ክፍት ነው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ይቆጠራል፣ ደረሰኙ እዚያው ይጻፋል። አምስት ሼቅልም ትሁን ትመዘገባለች። የመጀመሪያው 4,500 እንደሞላ ለሠሪው ከፍለን ውሉን በር ላይ እንለጥፋለን።

በሰንበት ግን አትላኩ። ስልኩ ዝግ ነው፣ እናቶች ካወቁም የሚቆጡት እኛን ነው።

የኩሽናው ኮሚቴ